ስሎት ካርን የሐረር ፔጆ ማስመሰል፦ ፀሐይ፣ ውሃ፣ እጅና አቧራ በየቦታቸው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከአጎቴ የደረሱኝ ሦስት የድሮ ስሎት ካሮች አሉኝ፤ ባለ ስንጥቅ ትራክ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሮጡት፣ መጠናቸው 1/32 የሆነ። አንዱን ነጭ ሴዳን ሐረር ታክሲ የሚሠሩትን አሮጌ ፔጆ 404ዎች ላስመስለው ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቡናማ የመኪና ስፕሬይ ነፋሁበት። ቀለሙ ተኮማተረ፤ ኮፈኑ ላይም የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አምጥቼ እርጥብ ቀለም ላይ ብነሰንስበት ጭቃ የተለጠፈበት ነገር ሆነ። ሲሮጥም ያራግፋል፤ ሞተሩ ደግሞ መንጫጫት ጀምሯል። ጓደኛዬ የብረት ዝገት ፈጭተህ ቀባው ይለኛል። እዚሁ በሚገኝ ዕቃ በትክክል እንዴት ይሠራል? ሁለቱን ቀሪ መኪኖችስ እንዲሁ ላድርጋቸው?»

ምላሽ፦

ሁለቱን ቀሪ መኪኖች አትንካቸው። የድሮ ስሎት ካር ዋጋው ያለው በፋብሪካ ቀለሙ፣ በተለጣፊ ቁጥሮቹና በክሮም ዕቃዎቹ ላይ ነው። ያ ቀለም አንዴ ከተፈገፈገ የሚመልሰው የለም፤ «መከላከያ» ተብሎ የሚነፋበት ቫርኒሽ እንኳ በኋላ ሲነሳ የታችኛውን ቀለም ይዞ ይነሳል። ሥራውን ሁሉ በተጎዳው ነጭ ሴዳን ላይ አድርገው። እሱ የሚያጣውን ቀድሞ አጥቷል፤ ከዚህ በኋላ ከእጅህ የሚወጣው ሁሉ ለእሱ ትርፍ ነው።

ከቀለሙ በፊት ሞተሩ ይቅደም። መኪናውን አሁኑኑ ማስሮጥ አቁም። የአሸዋ ቅንጣት በአክስሉና በመያዣው ቀዳዳ መካከል ገብቶ እየፈጨው ነው፤ መንጫጫቱ የዚያ ድምፅ ነው። አካሉን ከሻንሲው የሚይዙትን ብሎኖች ፍታና ሞተሩን፣ ጥርሶቹንና አክስሉን በለስላሳ ብሩሽ ጥረግ። አክስሉን በአልኮል በነከርከው የጆሮ ጥጥ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አጽዳው። ከዚያ በአክስሉ ጫፎችና በሞተሩ ዘንግ ላይ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ አድርግ። ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸው ላይ የሚያደርጉት ቀጭን ዘይት ለዚህ በቂ ነው፤ የሞተር ዘይት ግን ይወፍርበታል። ከጠብታ በላይ ካፈሰስክ ዘይቱ የኤሌክትሪክ መቀበያዎቹ ጋ ደርሶ ቆሻሻ ይሰበስባል።

የጓደኛህን ምክር አትቀበል። በሞተሩ ውስጥ ቋሚ ማግኔት አለ፤ የተፈጨ ብረት፣ የሞረድ ብናኝ ወይም የብረት ሱፍ ቁራጭ ከአካሉ ላይ ሲረግፍ ቀጥታ ወደ ማግኔቱ ይሄዳል። እዚያ ከደረሰ በሚሽከረከረው ክፍልና በማግኔቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ተወሽቆ የሽቦውን ሽፋን ይልጣል፤ ሞተሩም ይቃጠላል። ቀዩ ዝገት ራሱ በማግኔት የሚሳበው በጥቂቱ ነው፤ ጥቁሩ የብረት ኦክሳይድና ያልዛገው ብረት ግን በኃይል ይሳባሉ፤ ተፈጭቶ የሚመጣ ዝገት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሦስቱ ድብልቅ ነው። ከዚህም ሌላ እውነተኛ ዝገት በዚህ መጠን ሲታይ ዝገት አይመስልም፤ ቅንጣቱ ትልቅ ነው።

አሁን ስንጥቁ። የዚያ ዘመን ጠንካራ አካል አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው። የመኪና ስፕሬይም ሆነ ኒትሮ ቀለም የሚቀጥነው እንደ አሴቶንና ቶሉይን ባሉ ፈሳሾች ነው፤ እነዚህ ፖሊስታይሪንን ያሟሙታል። ፕላስቲኩ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በግፊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ውጥረት ይቀራል። ፈሳሹ ገጽታውን ሲያለሰልሰው ያ የታመቀ ውጥረት ይለቀቅና ጥቃቅን ስንጥቆች ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የተበላው ፕላስቲኩ ነው እንጂ ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ወደነበረበት አይመለስም። ስፕሬዩ ከፕላስቲኩ ጋር ስለተዋሐደ በሌላ ፈሳሽ አነሳዋለሁ ብለህ አትድከም፤ በቲነር ከሞከርክ ደግሞ ኮፈኑን ታጣዋለህ። አሸዋውን በስቴኪኒ ፈልፍለህ አውጣና መላውን አካል በውሃ እያረጠብክ በቁጥር 800፣ ቀጥሎ በቁጥር 1200 ብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው። በደረቁ አትፈግፍግ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ልጆችም አካባቢው ላይ አይኑሩ።

አካሉ ቀጭን፣ ግልጽና ሲጫኑት የሚታጠፍ ሆኖ ቀለሙ ከውስጥ በኩል የተቀባ ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ከሚቀጥለው አብዛኛው አይሠራበትም። ከውጭ የተቀባ ቀለም እንዲህ ባለው ላይ አጥብቆ አይዝም፤ ከትራኩ ወጥቶ በተገለበጠ ቁጥር ይላጣል።

ወደ ዋናው ጉዳይ። ያንተ ቡናማ ስፕሬይ የፔጆ እርጅና ያልመሰለው ሁሉም ቦታ እኩል ስላረጀ ነው። መኪናን የሚያስረጁት ፀሐይ፣ ውሃ፣ እጅና አቧራ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው። 404 እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ፣ የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ድርጅት ፒኒንፋሪና የነደፈው፣ ጠርዙ የተለየ፣ ኋላው ላይ አነስተኛ ክንፍ ያለው መኪና ነው። ጠርዝ የበዛበት መኪና ደግሞ እርጅናውን በግልጽ ያሳያል። ሐረር ወጥተህ አንዱን ቆሞ ሳለ ዙሪያውን እየዞርክ እይ፤ ባለቤቱን አስፈቅደህ በስልክህ ከጎን፣ ከላይና ከኋላ አንሳው። ከዚያ ፎቶ ውጭ ምንም ምልክት አትጨምር።

ፀሐይ የምታገኘው ጣሪያውን፣ ኮፈኑንና የኋላ ኮፈኑን ነው። ጨረሯ ቀለሙን አጣብቆ የያዘውን ሙጫ ይሰባብርና የቀለሙ ዱቄት ላዩ ላይ ይቀራል፤ ጣት ሲያልፍበት ኖራ መሳይ ነገር የሚወጣው ለዚህ ነው። በሮቹና ጎኖቹ ግን ቀለማቸውን ብዙ ጊዜ ይጠብቃሉ። ስለዚህ አንድ ሰማያዊ መኪና ላይ ቢያንስ ሦስት ሰማያዊ አለ፦ ከላይ የነጣው፣ ጎኑ ላይ መካከለኛው፣ በር ሲከፈት ውስጥ የሚታየው ዋናው። ሞዴል ሠሪዎች ዝገት ላይ ሲጨነቁ ይህን ይዘልሉታል። ከርቀት ዓይን «አሮጌ» የሚለው ግን ይህን ልዩነት አይቶ ነው።

ውሃ የሚበላው የሚቆምበትን ነው። ጣሪያው ዙሪያ ያለው የውሃ መውረጃ ጠርዝ፣ የበሮቹ ታች፣ ከበሩ ሥር ያለው ረጅም ጠርዝ፣ ፓራፋንጎው ከጎማው በላይ የሚታጠፍበት፣ የፊት መብራቱ ሥር፤ ዝገት እዚያ ነው። በጣሪያ መካከል ወይም በበር ሆድ ላይ ዝገት የሚታየው ግጭት ቀለሙን ካነሳው ብቻ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላና ደረቅ ስለሆነች እዚህ የኖረ መኪና ከመዛግ ይልቅ መንጣቱ ይበዛል። ሐረር 1,900 ሜትር ግድም ላይ ሆና ዝናቧም የተሻለ ስለሆነ ታችኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጨምር። ትንሽ ማለቴ ግን ትንሽ ነው።

እጅ የሚነካው ደግሞ ቀለም ያነሳል እንጂ አያደበዝዝም፤ እንዲያውም ያበራዋል። የበር እጀታው ዙሪያ፣ የሾፌሩ ክርን የሚያርፍበት የመስኮት ጠርዝ፣ የኋላ ኮፈኑ ከንፈር፤ ታክሲ ላይ ገበያተኛው ዘንቢልና ጆንያ እየጎተተ የሚያስገባበት ስለሆነ ይህ ከንፈር ከሁሉም በላይ የተላጠ ነው። ሲላጥ ደግሞ ወዲያው ብረት አይታይም። እነዚህ መኪኖች በየዘመኑ ደጋግመው የተቀቡ ናቸው፤ ከሰማያዊው ሥር ክሬም፣ ከክሬሙ ሥር ሌላ ቀለም አለ። እዚህ ላይ ነው ሥራህ እውነተኛ የሚሆነው፦ እርጅናውን ከላይ መቀባት ትተህ ታሪኩን ከሥር አስቀምጥና ከላይ ግለጠው።

አሠራሩ ይኸው። አካሉን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠብ፤ አድርቀው፤ ከዚያ በኋላ በጣትህ አትንካው። መስታወቱንና የክሮም ዕቃዎቹን አውጣ፤ ካልወጡ በማስኪንግ ቴፕ ሸፍን። ክሮሙን በበረኪና እንዳታጸዳ፤ ያ ስስ የብረት ሽፋን በበረኪና ውስጥ በደቂቃዎች ይጠፋል። ቀጥሎ ለፕላስቲክ የተሠራ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚነፋ ቀለም) ሁለት ጊዜ በስሱ ንፋ። የቀለም መሸጫው «አንቲረስት ይሆናል» ቢልህ አይሆንም፤ ለብረት የተሠራ ነው፤ የሚቀጥነውም ያንኑ ኮፈንህን በበላው ዓይነት ፈሳሽ ነው። ማንኛውንም ስፕሬይ መጀመሪያ በአካሉ ውስጠኛ ገጽ፣ በማይታይ ቦታ ሞክረህ አንድ ቀን አሳድር።

የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ይፈትናል። ቀትር ላይ ከነፋህ ቀለሙ አየር ላይ እያለ ይደርቅና ፕላስቲኩ ላይ ዱቄት ሆኖ ያርፋል፤ ገጽታው አሸዋማ ይሆናል። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ሆነህ ንፋ። የስፕሬይ ቆርቆሮውን ፀሐይ ላይ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ አትተው፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል። የቡና ከሰል በተቀጣጠለበት ቤት ውስጥ ስፕሬይም ቲነርም አይከፈት።

ፕራይመሩ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ክሬም አክሪሊክ ቀለም (በውሃ የሚቀጥነውን) ሁለት ጊዜ ቀባ። መጠኑ ሦስት እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ውሃ ነው፤ በሲሪንጅ ለካው። ውሃ ሲበዛ በቀለሙ ውስጥ ያለው ሙጫ ይሳሳና ሲደርቅ በጥፍር ይነሳል። በመካከሉ ሁለት ሰዓት፣ ከጨረስክ በኋላ አንድ ሌሊት ስጠው። ከዚያ ሰማያዊውን በዚያው መጠን ሦስት ጊዜ በስሱ ቀባና ሙሉ ቀን አቆየው። አሁን ቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት ከጥፍር ባነሰ ቁራጭ ቁረጥ፣ አርጥብ፣ የፓራፋንጎውን ጫፍ፣ የክንፎቹን ጠርዝና የኋላ ኮፈኑን ከንፈር ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ሳብ አድርግ። ክሬሙ እንደ ቀጭን ክር ብቅ ሲል አቁም። የተላጠው መስመር በሁለቱ ጎኖች እኩል እንዳይሆን፤ የሾፌሩ በር ሁልጊዜ ይብሳል።

የፀጉር ስፕሬይ ነፍቶ፣ በላዩ ቀለም ቀብቶ፣ ኋላ በእርጥብ ብሩሽ የመላጥ ዘዴ እንዳለ ሰምተህ ይሆናል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን የላይኛው ቀለም በኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) መነፋት አለበት። በብሩሽ ከቀባህ የቀለሙ ውሃ ከሥሩ ያለውን ስፕሬይ ቀድሞ ያሟሟውና ሁሉም ይላቆጣል። ኤርብራሽ ከሌለህ ተወው።

ለጥቃቅን ጭረቶች ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ የአተር ፍሬ የምታህል ቅደድ፣ ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ ንካ፣ ወረቀት ላይ ምልክት መተው ሊያቆም እስኪቃረብ አራግፍና አካሉን እንደ ነገሩ ነካ ነካ አድርግ። መጠኑን አስላ፦ በ1/32 አንድ ሚሊሜትር በእውነተኛው መኪና 3.2 ሳንቲሜትር ነው። ጠጠር የሚያነሳው ቀለም ግማሽ ሳንቲሜትር ቢሆን ያንተ ነጥብ 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለባት። በዓይን እንደ ልብ የምትታይ ነጥብ ሁሉ በዝታለች ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የዘይት ቀለም ይመጣል፤ ግን በቀጥታ አይደለም። በውሃ የሚቀጥን ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ በስሱ ቀብተህ አንድ ቀን አሳድር። ደንቡ ቀላል ነው፦ የላይኛው ቀለም ማቅጠኛ የታችኛውን ማሟሟት የለበትም። አክሪሊክ ከሥር፣ በአኳራጅ የሚቀጥን የዘይት ቀለም ከላይ። ጣሪያውና ኮፈኖቹ ላይ የነጭ፣ የቢጫ ኦከርና የሰማያዊ ዘይት ቀለም የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጥቦች አሳርፍ፤ ነጩ ይብዛ። ጠፍጣፋ ብሩሽ በአኳራጅ አርጥበህ በጨርቅ አድርቅና ነጥቦቹን በአንድ አቅጣጫ አሳስባቸው፤ ጣሪያው ላይ ከፊት ወደ ኋላ፣ ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያልፍ ነጥቦቹ ይጠፉና ፀሐይ የበላችው ገጽታ ይቀራል። የበሩን መስመሮች ደግሞ አንድ እጅ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም) ለአሥር እጅ አኳራጅ በጥብጠህ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ንካቸው፤ ፈሳሹ ራሱ መስመሩን ይዞ ይሮጣል። ጥቁር አትጠቀም፤ ጥቁር መስመር መኪናውን ሥዕል ያስመስለዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የፈሰሰውን በንጹሕ ብሩሽ አንሳ። አኳራጁ የትም ቦታ ተኝቶ አይቆይ፤ በተለይ የተሰነጠቀው ኮፈን ላይ ወደ ስንጥቁ ሰርጎ ያሰፋዋል።

ዝገቱ የመጨረሻውና ትንሹ ሥራ ነው። ከውሃ መውረጃው ጠርዝ ሥርና ከበሮቹ ታች አራት አምስት ቦታ የበርንት ሳይና (ቀላ ያለ ቡናማ) ዘይት ቀለም ነጥብ አድርግና ደረቅ ሊባል በተቃረበ ብሩሽ ወደ ታች ሳብ። ሁለት ሚሊሜትር ይበቃል፤ በእውነተኛው መኪና ከስድስት ሳንቲሜትር በላይ ነውና። ቸርኬ ላይ ጥቁር የፍሬን ብናኝ የሚነፉ አሉ፤ ለቀደምቶቹ 404ዎች ስህተት ነው። አራቱም እግራቸው ከበሮ ፍሬን ስለሆነ ብናኙ አብዛኛው ከበሮው ውስጥ ይቀራል። ቸርኬው የሚፈልገው አቧራና መካከሉ ላይ ጥቂት የቅባት ጥላ ነው።

አቧራውን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ የሚሮጥ መኪና ላይ የተነሰነሰ አፈር አይኑር። አቧራን በቀለም ሥራው። የደቻቱ አሸዋ ቅንጣት ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን በዚህ መጠን አንድ ተኩል ሳንቲሜትር የሚሆን ጠጠር ነው፤ ጭቃ የመሰለህም ለዚህ ነው። የአፈሩን ቀለም አይተህ (የድሬው ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ የሐረሩ ቀላ የሚል ነው) ነጭ፣ ኦከርና ጥቂት አምበር አክሪሊክ ቀላቅለህ አስመስለው፤ አንዱን እጅ በአሥራ አምስት እጅ ውሃ አቅጥነው። ከበሩ ታች፣ ከጎማው ኋላና ከኋላ ፓራውልቱ ላይ ሦስት አራት ጊዜ እያደረቅክ አልብስ፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳ። ለፊት መስታወቱ ቴፕ በመጥረጊያው ቅስት ልክ ቆርጠህ ለጥፍ፣ ዙሪያውን አቧራማ ቀለም አልብስና ቴፑን አንሳ። ሾፌሩ የሚያይበት ንጹሕ ቅስት ብቻውን ከዝገቱ ሁሉ በላይ ያሳምናል።

እውነተኛ አፈር ካላደረግሁ ካልክ ለመደርደሪያ ብቻ ለሚቀመጥ መኪና ይሁን። አፈሩን በስቶኪንግ አጥልለው፣ በውሃ በጥብጠህ አንድ ደቂቃ አስቀምጠውና ላይ የቀረውን ደፍርስ ውሃ ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጥ። ያ ደፍርስ ሲረጋ የሚወጣው ጭቃ ደቃቅ ነው። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረህ ቀባው፤ ሲደርቅ በእርጥብ ጥጥ የማትፈልገውን አንሳ። ይህ በውሃ ሙሉ በሙሉ የሚታጠብ ስለሆነ ሁለቱን ንጹሕ መኪኖች እንኳ ለፎቶ ማቆሸሽ ከፈለግህ ከዚህ ውጭ ሌላ አትሞክር፤ ሳትፈትግ፣ በውሃ እያፈሰስክ ታጥበዋለህ።

በመጨረሻ የሴዳኑን ሥራ ሁሉ በማት ቫርኒሽ አሽገው፤ ቫርኒሹ አቧራውን ስለሚያጠቁረው አስቀድመህ ከሚታይህ ጥቂት አብዝተህ አድርግ። ሲደርቅ የበር እጀታውን ዙሪያና የሾፌሩን መስኮት ጠርዝ በለስላሳ ጨርቅ ፈትግ፣ እጅ የሚነካው ቦታ እንዲያበራ። የፓራውልቱን ጠርዝ በእርሳስ ብትነካ የተላጠ ብረት ይመስላል፤ ነገር ግን የእርሳስ ዱቄት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ከትራኩ ኤሌክትሪክ ወደሚቀበሉት የመዳብ ሹሩባዎች አታቅርበው። ጎማ ላይ ከጎኑ በቀር ትራክ የሚነካው ገጽ ምንም ቀለም አይንካው፤ መንሸራተት ይጀምራል። ፖርቶመጋላ ላይ ጭነት የምትጨምር ከሆነም ከወረቀትና ከስፖንጅ ሥራው፤ ከላይ የከበደ መኪና መታጠፊያ ላይ ይገለበጣል።

ቀለሙ ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ አካሉን ሻንሲው ላይ ግጠም። የብሎን ቀዳዳዎቹና ጎማው የሚገባበት ቅስት በቀለም ወፍረው ከሆነ በስለት ጠርዝ ፋቅ፤ ጎማው አካሉን ሳይነካ በእጅ ሲዞር ካየህ ብቻ ኤሌክትሪክ ስጠው። ከትራኩ ስታነሳው ጎኑን በሁለት ጣት አትያዝ፤ ከሥር ሻንሲውን ያዝ። ቫርኒሽ ከላብ ጋር ብዙ አይቆይም፤ በሚሮጥበት ጊዜ በር ላይ ያለው አቧራ ቀድሞ ይጠፋና በየጥቂት ወሩ መታደስ ይፈልጋል።